ቀዩ ብርሃን ከቃል ደጃፍ ሲደርስ

ጋብሮቮ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ ስኔዢና፣

እንደምን ሰነበቱ? የዬና ብርድ እንዳልጎዳዎት፣ ጉልበትዎም እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን ማለት ይቻላል። እናቴ ወደ ሹራብ ፋብሪካው ተመልሳለች፤ እኔም ትምህርቴን ቀጥያለሁ።

ደብዳቤ ከእኔ ሲደርስዎ ይገረሙ ይሆናል። ሊዩበን ነኝ፤ የሮሲትሳ ትንሹ ልጅ፣ የካሜን ወንድም። የሴት አያቴ የአክስት ልጅ መሆንዎን እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ለእኔ ምኔ እንደሚሆኑ ግን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ካሜን "አክስቴ" ይልዎት ስለነበር እኔም እንደ እሱ እላለሁ። በስልክ መጠየቅ እችል ነበር። ነገር ግን እናቴ ድምፅዎን ስትሰማ ከየትኛውም ክፍል መጥታ ስልኩን ትወስድብኛለች፤ ከዚያ ሁለታችሁም ታለቅሳላችሁ፤ ጥያቄዬም እዚያው ይቀራል።

የምጠይቅዎ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። የፊዚክስ መምህራችን አቶ ባላባኖቭ እያንዳንዳችን ስለ ብርሃን አንድ ርእስ መርጠን ለክፍሉ እንድናስረዳ አዘውናል። አንዱ ቀስተ ደመናን ወሰደ፤ ሌላው የመኪና መብራትን። እኔ ካሜን እናንተ ዘንድ ጀርመን ሲታከም የተሠራበትን ብርሃን መረጥኩ። መምህሩ "እርግጠኛ ነህ?" አሉኝ። ነኝ አልኳቸው።

እርስዎ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ መስታወት የሚፈትሹ መሆንዎን ካሜን ነግሮኛል። ስለዚህ ልጠይቅዎ፦ የካሜን አንጎል ውስጥ የነበረው ዕጢ እንዴት ቀይ ሆኖ ይታያል? ቀለም ይቀቡታል? ሐኪምስ እንዲሁ በዓይኑ አይቶ ለምን አይለየውም?

እናቴ ለካሜን አርባ ቀን ስለደወሉልን ታመሰግናለች። እድሜና ብርታት ይስጥልኝ።

አክባሪዎ ሊዩበን

*

ዬና፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 2019

የኔ ልጅ ሊዩበን፣

ፈጣሪ አንተንም እናትህንም ይጠብቅልኝ። ደብዳቤህን በሁለቱም ገጽ፣ ዳር ዳሩን እንኳ ሳትምር ሞልተህ ስለላክኸው፣ ከጋብሮቮ መምጣቱን ማህተሙን ሳላይ አወቅኩ። ሰው በቆጣቢነታችን ሲቀልድ "የጋብሮቮ ሰዎች ሙቀቱ እንዳይወጣባቸው፣ ድመታቸው በበሩ ቶሎ እንድታልፍ ጅራቷን ይቆርጣሉ" ይለን የለ? አንተ ደግሞ የወረቀት ጅራት አታስቀርም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቀለም አይቀቡትም። ሕመምተኛው ራሱ ይጠጣዋል። ዱቄት ነው፤ በውኃ ተበጥብጦ ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሰዓት በፊት ይሰጠዋል። ካሜን ቀምሶ "የተጣላ ሎሚ ነው" አለ። መድኃኒቱ በደም ይዞራል። ጤነኛው አንጎል ብዙም አይነካውም። የዕጢው ሕዋሳት ግን ይስገበገቡበታል፤ ወስደው ሌላ ነገር ያደርጉታል፤ ያ ነገር ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ሆኖ ያበራል። በነጭ መብራት ሲታዩ ግን ዕጢውና ጤነኛው መንትያ ይመስላሉ፤ በተለይ ጠርዙ ላይ። ዓይን የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

የእኔ መስታወት ሥራው የበር ዘበኛ ሥራ ነው። ሰማያዊውን "አንተ ተመለስ" ይለዋል፣ ቀዩን ያሳልፈዋል። ባይኖር ኖሮ ሰማያዊው ቀዩን ይውጠው ነበር። እኔ አንድ በአንድ በመብራት ፊት እያዞርኩ ጭረት፣ አረፋ፣ ጉድፍ እፈልጋለሁ። መሐሉ ላይ ዕጢው እንደ ፍም ይቀላል። ወደ ጠርዙ ሲሄድ ግን እየደበዘዘ የቀይ ሥር እጣቢ ይመስላል። ሐኪም የሚጨነቀው እዚያ ነው፤ እዚያ ዕጢና ጤነኛ ተቀላቅለው ይኖራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለክፍልህ ንገር፤ ልጆች ይወዱታል። መድኃኒቱን የጠጣ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ከፀሐይና ከኃይለኛ መብራት ይጠበቃል፤ ቆዳው ይቃጠላል። የካሜንን ክፍል መጋረጃ ሁሉ ዘግተን አደብዝዘን ነበር። "እንደ ድንች ምድር ቤት አስቀመጣችሁኝ፤ ነገ ቅጠል ባወጣ አትደነቁ" አለን። ነርሷ ጀርመን ናት፤ ስተረጉምላት ሄዳ ለጓደኞቿ ነገረች፤ ቀኑን ሙሉ "ድንቹ እንዴት ነው?" እያሉ ብቅ ይሉ ነበር።

የአገራችን ቅመም ቹብሪጻ አልቆብኛል። እዚህ የሚሸጡት ቅመም ገለባ ነው። እናትህ ካደረቀችው ትንሽ ብትልክልኝ ዳቦዬ ላይ እነሰንሳለሁ። እሷስ እንቅልፍ ይወስዳታል? አንተስ?

ክፉ አይንካችሁ።

አክስትህ ስኔዢና

*

ጋብሮቮ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ ስኔዢና፣

የላኩልኝ ማብራሪያ ከመጽሐፍ ይበልጥ ጠቅሞኛል፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትምህርቱን አቀረብኩ። ክፍሉ ዝም ብሎ ሰማኝ፤ የእኛ ክፍል ዝም ሲል ያስፈራል። ከኋላ የሚቀመጠው ግሮዝዳን ብቻ "የኔ አንጎል ምን ቀለም ያበራል?" አለ። አቶ ባላባኖቭ "መጀመሪያ ይገኝና ቀለሙ ከዚያ ይታያል" ሲሉት ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሰጡኝ፤ ስድስት ትልቁ ነጥብ መሆኑን አልረሱም መቼም።

አክስቴ፣ ትምህርት ቤቱ እውነት ነው። ግን ወደ እርስዎ የጻፍኩት ለእሱ ብቻ አይደለም።

በአርባው ቀን ሲደውሉ እናቴ ለመታሰቢያው የተቀቀለውን ስንዴ በስኳር እያሸች ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፍታው ነበር። "እሱ ራሱ እንደፈለገው፣ ሐኪሞቹ ከንግግሩ ቦታ አጠገብ የነበረውን ቀይ ብርሃን ሳይነኩ ተዉት" ሲሉ ሰማሁ። እናቴ "ምን ይደረግ" ብላ ማሸቷን ቀጠለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሟ ጋ በገባችሁ ቀን ካሜን በቪዲዮ ደውሎልኝ ነበር። "አብረኸኝ ግባ" ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ወዲያው ድምፁ ጠፋ፤ ምስሉ ብቻ ቀረ። እርስዎን አየሁ፤ ፀጉሯ አጭር የሆነውን ሐኪም አየሁ። ሐኪሟ ጣቷን ከግራ ጆሮው በላይ አድርጋ የሆነ ነገር ጠየቀችው። ካሜን ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዘ። ከዚያ ምስሉም ጠፋ።

እኛ አገር፣ ቡልጋሪያ፣ እንዲህ ሲደረግ "አዎ" ማለት ነው። እነሱ አገር "አይሆንም" ማለት ነው። ይህን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ያኔ ምን እንደተጠየቀ አላወቅኩም። ካሜንን ስጠይቀው "መስኮቱ ይዘጋ ወይ ብላኝ ነው" አለኝ። አሁን ግን ሳስበው፣ የጠየቀችው "ቀዩ እዚያ ከደረሰ ላውጣው?" ብላ ይሆናል። እሱ አዎ አላት። እሷ አይሆንም ብላ ያዘችው። ዕጢውም እዚያው ቀርቶ ተመልሶ አደገ።

እርስዎ በመካከላቸው ተቀምጠው ነበር። ምን ብለው ተረጎሙ? ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ያልኩት እውነት ከሆነ ግን ለእሷ እነግራታለሁ፤ ለሐኪሟም እጽፋለሁ።

ቹብሪጻውን እናቴ በጨርቅ ቋጥራ ልካለች። ጤና ይስጥልኝ።

ሊዩበን

*

ዬና፣ ኤፕሪል 5 ቀን 2019

የኔ ልጅ ሊዩበን፣

ምሕረቱ አይለይህ። ቹብሪጻው ከደረሰኝ ቆየ፤ ቤቱን ሁሉ አወደው። ቶሎ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ጉልበቴ ስለተነሣብኝ ነው፤ በሥራ ቦታም ሰው ጎድሎብናል።

ከደብዳቤው ጋር በላክኋት ትንሽ ሳጥን ያለው የእኔ መስታወት ነው። ጠርዙ ላይ ጭረት ስላለው ለማይክሮስኮፕ አልሆነም፤ እንዳይጣል ለመንኳቸው። በመስኮት ፊት ያዘውና እይበት፤ ሰማይህ ብጫ ይሆናል። አቶ ባላባኖቭም ይዩት።

ስለ ጠየቅኸኝ ነገር፣ ሐኪሟ ዶክተር ፎስ ጥሩ ሰው ናት። እባክህ አትጻፍባት። የቀረውን አንድ ቀን ስንገናኝ እናወራዋለን። ወረቀት ለሁሉም ነገር አይሆንም።

ለስድስተኛው ወር በር ላይና በየምሰሶው የምትለጥፉትን የሙት ማስታወቂያ አንዱን ላኩልኝ። የትኛውን ፎቶ ነው የመረጣችሁት? የሚስቅበትን ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ምግብ በደንብ ትበላለህ?

አክስትህ

*

ጋብሮቮ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2019

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለሰላምታዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። መስታወቱ ደርሷል። መልሱ አልደረሰም።

ማርች አንድ ቀን ሰው ሁሉ ጸደይን ሊቀበል ቀይና ነጭ ክር እጁ ላይ ሲያስር እኛ ሐዘን ላይ ስለሆንን አላሰርንም። ጓደኞቼ ዛፍ ሲያብብ እያዩ ክራቸውን ቅርንጫፍ ላይ ሲሰቅሉ እኔ የማየው የፖስታ ሳጥናችንን ነበር። ዝምታው ሲረዝም፣ የተሳሳተችው ሐኪሟ ሳትሆን እርስዎ እንደሆኑ ማሰብ ጀመርኩ። ይህን ማሰብ አልፈልግም። ካሜን ይወድዎት ነበር።

ስድስተኛው ወር ሜይ አራት ላይ ነው። ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ንፍሮውን በማንኪያ እየበሉ "የተጻፈለት ይኸው ነበር" ይላሉ። እውነት የተጻፈለት ካልነበረ፣ ቆሜ መስማት አልችልም። ከዚያ ቀን በፊት ለእናቴ ያየሁትን እነግራታለሁ።

ወንድሜ ተሰምቶ ነበር ወይስ አልተሰማም? በወረቀት ላይ ራስ አይነቀነቅም፤ ስለዚህ በቃል ይጻፉልኝ።

ሊዩበን

*

ዬና፣ ኤፕሪል 22 ቀን 2019

የኔ ልጅ፣

በዚህ በሕማማት ሳምንት ልብህን ያረጋጋልህ።

ተሰምቷል። ይህን ቃል አስቀድመህ ያዝ፤ ሌላውን ከዚያ አንብብ።

ዓይንህ ያየው ልክ ነው። ዶክተር ፎስ "ቀዩ ብርሃን እዚህ፣ ቃል ከሚሠራበት ቦታ ከደረሰ፣ ልከተለው?" አለችው። ካሜን ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። እሷ "እንግዲያው አልከተለውም" ብላ ልትቀጥል ስትል ክንዷን ያዝኳት። "ቆዪ፤ በእኛ አገር አንገት ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው" አልኳት። ወደ እሱ ዞሬ፣

"አንተ፣ ይሄ የየት አገር አንገት ነው?" አልኩት።

ሳቀ። "እኔስ መች አውቄው! አራት ዓመት እዚህ ዬና ዳቦ ቤት ቆሜ 'ይቆረጥልዎ?' ስል አንገቴ ለሁለት ተከፈለ። ሥራ ላይ ጀርመን ነው፤ ቤት ስገባ ቡልጋሪያ።"

"አሁን የት ነህ ታዲያ?"

"ሐኪም ቤት። ድንበሩ ላይ።"

ዶክተር ፎስ ምን እንደሚያስቀን ጠየቀች፤ ነገርኳት። "አንገት ይቅርብኝ። በአፍህ ንገረኝ" አለችው። ካሜን በጀርመንኛ "አትከተዪው" አላት። ከዚያ ለእኔ በአገራችን ቋንቋ "ትተወው" አለኝ። ሁለቱም አንድ ነበር።

ወዲያው አልተቀበለችውም። "ብከተለው ምናልባት ጥቂት ወራት ይጨመርልህ ይሆናል፤ ላይጨመርም ይችላል። ቃልህ ግን ከሄደ ላይመለስ ይችላል" ብላ በዝግታ አስረዳችው። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ለምን እንደመረጠ ጠየቀችው። ያለውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ።

"ቤት ውስጥ አንድ ልጅ አለ። አባታችን ከሄደ ወዲህ እናቴ ታበላዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ደክማ ትተኛለች። በስልክም ቢሆን የሚያወራው ከእኔ ጋር ነው። ገና ምኑንም አልነገርኩት። አልጋ ላይ ዝም ብዬ ረጅም ጊዜ ከማፈጥበት፣ አጭር ጊዜ እየጨቀጨቅኩት ብሞት ይሻላል።" ከዚያ ፊቷ ሲለወጥ አይቶ "ደግሞ የጋብሮቮ ሰው ነኝ፤ ቃሌን በነፃ አልሰጥም በያት" አለኝ። ተረጎምኩላት። አልገባትም፤ ግን እጁን ጨበጠችው።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜም ነበርኩ። ንግግሩ እንዳይነካ ለማወቅ በሥራው መሐል ሲያነቁት በአገሩ ቋንቋ የሚሰማው ሰው ስለፈለጉ፣ እንደ እነሱ አልብሰው ራስጌው አጠገብ አስቀመጡኝ። ሥዕል አሳየዋለሁ፤ ስሙን ይጠራል። ቁልፍ። ዶሮ። መሰላል። ከዚያ ነጩን መብራት አጠፉት፤ ሰማያዊው በራ። በስክሪኑ ላይ አየሁት ሊዩበን። ስንት ዓመት ስፈትሸው የኖርኩት መስታወት የሚያሳየውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በካሜን ነው። ጥርት ያለ ቀይ ነበር። እሷ ቀዩን እየተከተለች አወጣች፤ ብዙ አወጣች። በመጨረሻ ጠርዙ ላይ ፈዛዛ ሮዝ ቀረ። እዚያ ላይ ንግግርን ለአፍታ የሚያቆመውን የኤሌክትሪክ መፈተሻ ስታስነካው ካሜን "ማን..." ብሎ ቆመ። እኔ የያዝኩት የማንኪያ ሥዕል ነበር። መፈተሻውን አነሣችው። "...ኪያ" አለ፤ "ይቅርታ፣ ባቡር እያለፈ ነበር።" ዶክተር ፎስ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ማንኪያው አየሁ። እዚያ ላይ አቆመች።

ዝም ያልኩህ ስላስማለኝ ነው። ኮሪደሩ ላይ "ሊዩበን ይህን እንዳይሰማ። የእኔን ሞት በጀርባው አዝሎ እንዲያድግ አልፈልግም" ብሎኛል። ሁለት ወር ብዕር እያነሣሁ የጣልኩት ለዚህ ነው። አንተ ግን ከዚያ የከፋ ነገር አዝለህ አገኘሁህ። ካሜን ይቅር ይበለኝ፤ መሐላውን አፍርሻለሁ።

ጉልበቴ ስለማይፈቅድልኝ ለሜይ አራት አልመጣም። የምትለውን እጠብቃለሁ፤ ክፉም ቢሆን ጻፍልኝ።

አክስትህ ስኔዢና

*

ጋብሮቮ፣ ሜይ 7 ቀን 2019

ለምወድዎት አክስቴ ስኔዢና፣

ክርስቶስ ተነሥቷል። ከጉልበትዎ ሕመም ፈጣሪ ያሳርፍዎ።

ደብዳቤዎ ከትንሣኤ በኋላ ደረሰ። ያንትራ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ቤት ገብቼ ደግሞ ደገምኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት በካሜን ላይ ነው። ሳይጠይቀኝ ወሰነ። ቢጠይቀኝ ዝም ብለህም ቢሆን ኑርልኝ እለው ነበር፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ነው ያልጠየቀኝ።

ስለ እኔ አይፍሩ። ለእኔ ብሎ ሞተ አልልም። የገደለው ዕጢው ነው። ለእኔ ብሎ ያደረገው ማውራት ነው፤ እሱን እቀበለዋለሁ። ለዶክተር ፎስ ልጽፈው የነበረውን ትቼዋለሁ። ካገኟት ማንኪያው ላይ ስላቆመች ወንድሙ ያመሰግንሻል ይበሉልኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። ሜይ አራት ሰው ሁሉ ከመቃብር ተመልሶ፣ በልቶ ሲሄድ፣ እሷ የሐዘን ልብሷን ሳትቀይር የቲማቲም ችግኝ ልትተክል ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ጉድጓድ እየቆፈርኩ፣ እሷ እየተከለች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። መሐል ላይ መትከሉን አቆመች። ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበት፤ አፈር በያዘ እጇ ፊቷን ስለጠረገች ጉንጯ ጠቆረ። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

እሷ ግን "ምን ምን ነበር የሚነግርህ?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ያን ሁሉ ጊዜ። ታክሞ ቤት ከተመለሰ ወዲህ፣ እኔ ሥራ ስሄድ። ስመለስ ሁልጊዜ ስታወሩ ነው የማገኛችሁ፤ ስገባ ዝም ትሉ ነበር።"

ከየት እንደምጀምር አላወቅኩም። ጢም ሲላጭ ከላይ ወደ ታች መሆኑን እንዳስተማረኝ ነገርኳት። ሊጥ ሲያርፍ ደጋግሞ ገልጦ ማየት እንደሚያበላሸው። አባታችን ፈሪ እንጂ ክፉ አለመሆኑን፣ ቢመጣም ቁጭ ብዬ ላናግረው እንደሚገባ። ከዚያ የምስር ሾርባዋን "ለጀርመን ጦር ቢላክ ጦርነቱ ቶሎ ያልቅ ነበር" ማለቱን ነገርኳት።

"እሱ ነው እንዲህ ያለው?" አለች፤ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ሳቀች። "ሦስት ሳህን ይበላው የለ!"

"እንዳትሰሚ ብሎ ነው።"

"እሺ፣ ሌላስ?"

ችግኞቹ ግማሹ ሳይተከሉ መሸባቸው። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፤ የቀሩትን ውኃ አጠጣቻቸውና ጥላ ሥር አኖረቻቸው። ትናንት ከፋብሪካ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "ሌላስ?" አለችኝ። ዛሬም ትመጣለች። እኔ ገና ብዙ ይቀረኛል።

ሊዩበንዎ